ሁለት ጧትና ዘጠና ሦስት ዓመት

እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ማንበብ እንወዳለን። ንጉሡ፣ የጦር መሪው፣ ፈላስፋው፣ ዐመፅ አስነሺው ሁሉም በየመጽሐፉ ቦታ ቦታውን ይዞ ተቀምጧል። ጧት ተነሥቶ ወደ ሥራው የሚሄድ፣ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ፣ ደመወዙን ለባለቤቱ የሚያስረክብ፣ ልጆቹን ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ የሚያርፍ ሰው ግን በየትኛውም ፈተና አይጠየቅም። እንዲህ ያለው ሰው ታሪክ የለውም ይባላል። እኔ ዛሬ ለአንባቢዎቼ ላቀርብ ያሰብሁት የእንዲህ ያለ ሰው ታሪክ ነው። ሰውየው ጃፓናዊ ናቸው፤ ስማቸው ጹቶሙ ያማጉቺ ይባላል፤ ሥራቸውም የመርከብ ንድፍ መሥራት ነበር።

እርግጥ ነው፣ ስማቸው እስከ እኛ ድረስ የደረሰው መርከብ በመንደፋቸው አይደለም። በ1945 ዓ.ም. (ዘመኑን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ) በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት አቶም ቦምብ ወርዶባቸው ከሁለቱም በመትረፋቸው ነው። ስለዚህ ስለ እሳቸው የሚናገሩ ሰዎች በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን በዓለም ላይ እንደ እሳቸው ያለ ዕድለ ቢስ አልተፈጠረም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ እንደ እሳቸው ያለ ዕድለኛ የለም ይላል። ለእኔ ሁለቱም ወገኖች ሰውየውን የሳቱ ይመስለኛል። ሰውየው የኖሩት 93 ዓመት ነው። ከዚህ ውስጥ ሁለቱ ጧቶች ሲቀነሱ የሚቀረውን ያን ሁሉ ዘመን በምን አሳለፉት? እኔን የያዘኝ ይህ ጥያቄ ነው።

አቶ ያማጉቺ የተወለዱት በማርች 16 ቀን 1916 ዓ.ም. በናጋሳኪ ከተማ ነው። ናጋሳኪ በተራሮች መካከል የተሸሸገች የወደብ ከተማ ናት። የመርከብ መሥሪያዋ በ1857 ዓ.ም. በሆላንዶች እርዳታ እንደ ብረታ ብረት ሥራ ቤት ተጀመረ፤ በ1884 የሚትሱቢሺ ኩባንያ ተከራየው፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ገዝቶ የራሱ አደረገው። በ1909 ከስኮትላንድ አስመጥተው የተከሉት ትልቅ ክሬን እስከ ዛሬ ድረስ ከባሕሩ ዳር ቆሞ ይታያል። ወጣቱ ያማጉቺ በ1930ዎቹ ወደዚህ ኩባንያ ገብተው ንድፍ ሠሪ ሆኑ፤ ሥራቸውም በተለይ የነዳጅ ጫኝ መርከቦችን ንድፍ ማውጣት ነበር።

መርከብ ብረት ከመሆኑ በፊት መስመር ነው። ብየዳና መዶሻ ከመምጣታቸው አስቀድሞ አንድ ሰው ከጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ በእርሳስና በማስመሪያ የጎኑን ጎበጥ ማለት፣ የወለሉን ውፍረት፣ የእያንዳንዱን ግድግዳ ቦታ በወረቀት ላይ ያሰፍራል። አንዲት መስመር ብትሳት ብረት ቆራጩም ይስታል፤ ብረት ቆራጩ ሲስት ደግሞ ባሕሩ ይቅርታ አያውቅም። ንድፍ ሠሪው ግን መርከቡ ወደ ባሕር በሚወርድበት ቀን ሪባን ቆራጭ አይደለም፤ ስሙም በመርከቡ ላይ አይጻፍም። በሥራው ትክክል የሆነ ሰው ሥራው ውስጥ ተሰውሮ ይቀራል።

ጦርነቱ በመጣ ጊዜ ያ መርከብ መሥሪያ ለጦር ዋለ። ሙሳሺ የሚባለው በዚያን ዘመን ከዓለም የጦር መርከቦች በትልቅነት ከሁለቱ አንዱ የነበረው መርከብ የተሠራው በዚሁ በናጋሳኪ ነው፤ እሱም በ1944 ሰጠመ። ነዳጅ ጫኝ መርከቦችም በየባሕሩ እየተመቱ ይጠፉ ጀመር። አቶ ያማጉቺ ጃፓን ጦርነቱን መጀመር አልነበረባትም ብለው ያምኑ እንደነበረ በኋላ ዘመን ተናግረዋል። ነገር ግን የሚሠሩትን ሥራ ይሠሩ ነበር። ባለቤት አላቸው፤ በ1945 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው።

እዚህ ላይ አንባቢዬን የሚያስደነግጥ ነገር መጻፍ አለብኝ፤ ይህን ትቼ ሰውየውን ባመሰግን ምስጋናዬ ዋጋ አይኖረውም። አገሪቱ እየተሸነፈች መሄዷን ባዩ ጊዜ፣ ጃፓን የተሸነፈች እንደሆነ ለቤተሰባቸው የእንቅልፍ መድኃኒት አብዝተው በመስጠት ሊገድሏቸው አስበው ነበር። ይህን ያሰቡት ሚስቱንና ልጁን የሚወድ አባት ናቸው። እኔ ይህን ካነበብሁ በኋላ ብዙ ቀን አሰብሁበት። ፍቅር ብቻውን ሰውን ከክፉ አይጠብቅም ማለት ነው። መንግሥት ጧትና ማታ ከሽንፈት ሞት ይሻላል እያለ ሲሰብክ፣ ስብከቱ በበር ገብቶ ከማዕድ ላይ ይቀመጣል፤ ጨዋውን አባት እንኳ መግደልን እንደ ርኅራኄ አድርጎ ያሳየዋል። የአቶ ያማጉቺ ረጅም ዕድሜ ለእኔ ትርጉም ያገኘው ከዚህ ጀምሮ ነው፤ ምክንያቱም ሰውየው ከዚያ ሐሳብ ተመልሰው 65 ዓመት ያህል ኖረዋል።

በ1945 በጋ ኩባንያው ለሦስት ወር ሥራ ወደ ሂሮሺማ ላካቸው። ኦገስት 6 ቀን፣ በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ሥራው አልቆ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ወደ አገራቸው ለመመለስ ተነሡ። በመንገድ ላይ ማኅተማቸውን መርሳታቸው ትዝ አላቸው። በጃፓን አገር ሰው በፊርማ ፈንታ ስሙ የተቀረጸበት ትንሽ ማኅተም ይይዛል። ባልደረቦቻቸው ወደ ባቡሩ ሲሄዱ እሳቸው ማኅተሙን ሊያመጡ ተመለሱ። ወደ መርከብ መሥሪያው በእግራቸው በመሄድ ላይ ሳሉ አንድ አውሮፕላንና ሁለት ትናንሽ ጃንጥላዎች በሰማይ ላይ አዩ። ከጧቱ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነበር። ቦምቡ የፈነዳው ከቆሙበት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። የጆሮአቸው ታምቡር ተቀደደ፤ ዓይናቸው ለጊዜው ጠፋ፤ የላይኛው ሰውነታቸው በግራ በኩል ክፉኛ ተቃጠለ።

ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ቀላል ነው፤ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ባልደረቦቻቸውን ፈልገው አገኙ፤ ሌሊቱን ከአየር ድብደባ መሸሸጊያ ውስጥ አሳለፉ፤ በማግሥቱ እየነደደች ባለች ከተማ መካከል አልፈው፣ ሬሳ የሚንሳፈፍበትን ወንዝ ተሻግረው ባቡር ወደሚገኝበት ጣቢያ ደረሱ። በዚያ ሁሉ ጥፋት መካከል ባቡሩ መሄዱ የሚገርም ነው። ወደ ናጋሳኪ ደርሰው ቁስላቸው በፋሻ ተጠቀለለ። ፋሻቸውን እንደተጠቀለሉም ኦገስት 9 ቀን ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ለምን ሄዱ? እኔን ብትጠይቁኝ አልጋዬ ላይ እተኛ ነበር። አንዳንዱ ይህን ሲሰማ ጃፓኖች ለአለቃ መታዘዝ ያበዛሉ ብሎ ይስቃል። ምናልባት መታዘዙም አለበት። እኔ ግን ሌላም ነገር ይታየኛል። ዓለም ከተገለበጠች በኋላ አንድ ሰው የሚይዘው ምሰሶ ይፈልጋል። ለአቶ ያማጉቺ ምሰሶዎቹ ሁለት ነበሩ፤ ቤታቸውና የሥራ ጠረጴዛቸው። ቤታቸውን አገኙ፤ ቀጥሎ ጠረጴዛቸውን ፈለጉ።

ያ ቀን በእኛ ዘንድ ነሐሴ 3 ቀን፣ የፍልሰታ ጾም ሦስተኛው ቀን ነበር። አቶ ያማጉቺ ከቢሮ ገብተው በሂሮሺማ ያዩትን ለአለቃቸው ነገሩ። አለቃው አላመኑም። አንድ ቦምብ አንድ ከተማ ሙሉ ሊያጠፋ እንዴት ይችላል? አእምሮህ ተነክቷል የሚል ነበር መልሳቸው። ከጧቱ 5 ሰዓት ከ2 ደቂቃ ሲሆን ያው ነጭ ብርሃን በመስኮት ገባ። አውሮፕላኑ በመጀመሪያ የታዘዘው ኮኩራ የምትባለውን ከተማ እንዲመታ ነበር፤ ሰማይዋ በመሸፈኑ ወደ ናጋሳኪ ዞረ። አሁንም አቶ ያማጉቺ ከፍንዳታው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ነበር። አዲስ ቁስል አልደረሰባቸውም፤ ግን ፋሻቸው ተበላሸ፤ ትኩሳትና ማስመለስ ከሳምንት በላይ አሠቃያቸው።

በዚያች ሰዓት ሚስታቸው ከቤት አልነበሩም። ለባላቸው ቃጠሎ የሚሆን ቅባት ፍለጋ ሕፃኑን ይዘው ወጥተው ነበር። ቦምቡ ሲወርድ ከአንድ ዋሻ ውስጥ ተጠልለው ተረፉ። እዚህ ላይ ብዕሬ "ፍቅር አዳናቸው" ብሎ ሊጽፍ ይቃጣዋል፤ ዐረፍተ ነገሩም ያምራል። ነገር ግን እውነት አይሆንም። በዚያው ጧት ለልጇ ውኃ ልትቀዳ፣ ለእናቱ መድኃኒት ሊገዛ የወጣ ስንቱ ከመንገድ ላይ ቀርቷል! እስከዚያው ዓመት መጨረሻ ድረስ በሂሮሺማ ወደ 140,000፣ በናጋሳኪ ወደ 70,000 ሰው ሞቷል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል የሚወድና የሚወደድ ሰው አልነበረም ልንል ነውን? ፍቅር ጋሻ አይደለም። የተረፈ ሰው በቀረው ዘመኑ የሚሠራበት ሥራ ነው።

አቶ ያማጉቺም ሠሩበት። ከጦርነቱ በኋላ አገሪቱን ለያዘው የአሜሪካ ጦር አስተርጓሚ ሆኑ። ቀጥለው በትምህርት ቤት አስተማሩ። በመጨረሻም ወደ ኩባንያቸው ተመልሰው የነዳጅ ጫኝ መርከቦችን መንደፍ ቀጠሉ። ጃፓን በ1956 በመርከብ ሥራ ከዓለም አንደኛ ሆነች። ይህን የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች "የጃፓን ተአምር" ይሉታል። እኔ ግን ተአምር የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር በግራ ጆሮአቸው የማይሰሙ፣ ከሸሚዛቸው ሥር ፋሻ የታሰረ፣ ከጠረጴዛ ላይ ያጎነበሱ አንድ ሰው ይታዩኛል።

ከጦርነቱ በኋላ ሁለት ሴቶች ልጆች ተወለዱላቸው። ልጆቹ ነፍስ ካወቁ በኋላ እንኳ የአባታቸው ቁስል ብዙ ዓመት በፋሻ ይጠቀለል ነበር፤ ፀጉራቸውም ረግፎ ነበር። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ግን በቤቱ ውስጥ ስለዚያ ነገር ብዙ አይወራም ነበር። በ1957 መንግሥት ከናጋሳኪው ቦምብ የተረፉ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥ ደብተር ሰጣቸው፤ ይህ ደብተር ለሕክምና እርዳታ የሚያገለግል ነው። የሂሮሺማው እንዲጻፍላቸው አልተጨነቁም። አደባባይ ወጥተውም አልተናገሩም። ምክንያታቸውን ከቤተሰባቸው እንደሰማነው፣ እኔ ጤነኛ ሆኜ ሳለ በእውነት ከታመሙት ጋር ተሰልፌ ብናገር ለታመሙት ግፍ ይሆናል የሚል ነበር። በዚያን ዘመን ከቦምቡ የተረፈ ሰው በጋብቻም በሥራም ይገለል እንደነበርም መርሳት አይገባም። ሴት ልጆች ያሉት አባት ዝም የሚልበት ምክንያት አያጣም።

ይህን ዝምታ ሳነብ የገዛ አያቴን አሰብሁ። አያቴ በድሬዳዋ የምድር ባቡር ሥራ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። እናቴ እንደምትነግረኝ ማታ ማታ ሲመለሱ እጃቸውን በላምባና በሳሙና አሽተው ታጥበው፣ ከመቀመጣቸው በፊት የሚጠይቁት ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ "ልጆቹ በሉ?" በሥራ ቤቱ ውስጥ ምን እንደዋለ፣ ማን እንደተጎዳ፣ ማን እንደተባረረ አንድም ቀን አላወሩም። ስድስት ልጆች አሳድገዋል። በግራ እጃቸው ላይ ሁለት ጣት የለም፤ ጣቶቹ እንዴት እንደሄዱ ከቤተሰቡ የሚያውቅ የለም። አያቴን ከአቶ ያማጉቺ ጋር ላመሳስላቸው አልፈልግም፤ መከራና መከራ በሚዛን አይለካም። ዝምታቸው ግን የአንድ አገር ልጅ ይመስላል። እኒህ አባቶች የቀኑን ክፉ ነገር ከደጃፍ ላይ እንደ ጫማ አውልቀው ይገባሉ።

ይሁን እንጂ የአቶ ያማጉቺ ታሪክ በዝምታው አያበቃም። ሚስታቸውን የናጋሳኪው ጥቁር ዝናብ አግኝቷቸው ነበር። ያ ከዋሻ የተረፈው ሕፃን አድጎ፣ ሰው ሆኖ፣ በ2005 በ59 ዓመቱ በካንሰር ሞተ። አባትየው በዚያን ጊዜ ወደ 89 ዓመት ይጠጉ ነበር። ልጅ አባቱን ይቀብራል እንጂ አባት ልጁን አይቀብርም ይባላል፤ ነገሩ ተገለበጠ። ሽማግሌውም ከዚህ በኋላ ዝም ማለት አልቻሉም። በ2006 ሁለቱም ቦምቦች ስለደረሱባቸው ሰዎች በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ውስጥ ቀርበው ተናገሩ። በ90 ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፓስፖርት አውጥተው ኒውዮርክ ድረስ ሄደው በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዘንድ የአቶም መሣሪያ ይጥፋ ብለው ለመኑ። ታንካ የሚባል አጭር ግጥምም ይጽፉ ነበር። ታንካ በ31 ቀለም ብቻ የሚያልቅ ነው፤ በእኛ ቅኔ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት እንደሚያልቅ ማለት ነው። ያን የሬሳ ወንዝ በእነዚያ ጥቂት ቀለሞች ውስጥ አስገቡት።

ሚስታቸው በ2008 በ88 ዓመታቸው ዐረፉ። በማርች 2009 መንግሥት ከሁለቱም ቦምቦች የተረፉ መሆናቸውን በይፋ መዘገበላቸው። በሁለቱም ከተማዎች የተጎዱ ሌሎች ሰዎች ነበሩ፤ ቁጥራቸውም 165 ያህል እንደሚሆን ይገመታል። በይፋ የታወቀላቸው ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ዓ.ም. በጨጓራ ካንሰር በ93 ዓመታቸው አረፉ።

ዓመት ሳይሞላቸው አንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን የቀልድ ፕሮግራም "የዓለም ዕድለ ቢሱ ሰው" ብሎ አነሣቸው፤ ተመልካቹም ሳቀ። የጃፓን ኤምባሲ ተቃወመ፤ ጣቢያውም በ2011 መጀመሪያ ላይ ይቅርታ ጠየቀ። ቀልደኞቹ ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። የሳቁት ሁለቱን ጧት ብቻ ስላዩ ነው። ሁለቱን ጧት ብቻ ላየ ነገሩ የካርታ ጨዋታ ይመስላል። ሌላውን ያየ ግን፣ ሊገድሏቸው አስበው የነበሩትን ሚስታቸውን ከ60 ዓመት በላይ አብረዋቸው ኖረው በወጉ የቀበሩ ሰው ያያል። ይህ የዕድል ሥራ አይደለም።

ከጓደኞቼ አንዱ ይህን ጽሑፍ ከማተሚያው በፊት አንብቦ እንዲህ ሲል ተቃወመኝ፤ "አንተ የምታመሰግነው ለጦር ፋብሪካ ያገለገለ ታዛዥ ሠራተኛን ነው። ቤተሰቡን የሚወድማ ማንም ነው። ዓለምን የሚለውጠው ከቤቱ የወጣ ሰው ነው።" ተቃውሞው ከባድ ነው፤ ግማሹንም እቀበለዋለሁ። ቤተሰብን መውደድ ብቻውን እንደማይበቃ ያ የእንቅልፍ መድኃኒት ራሱ መስክሯል። ግን ጓደኛዬ አንድ ነገር አላየም። እኒህ ሰው በ90 ዓመታቸው ከቤት የወጡት ቤታቸውን ትተው አይደለም፤ ቤታቸውን ይዘው ነው። ኒውዮርክ ላይ የቆሙት በፍልስፍና ስም ሳይሆን በሞተ ልጃቸው ስም ነበር። እኛ በየስብሰባው ስለ ሰው ልጅ ስንናገር ብዙ ጊዜ ስም የሌለውን የሰው ልጅ ነው የምንናገረው። እሳቸው የሚያውቁት የሰው ልጅ ስም ነበረው፤ ጡት ጠብቷል፤ በዋሻ ተሸሽጓል።

በ2024 የኖቤል የሰላም ሽልማት ኒሆን ሂዳንክዮ ለተባለው፣ ከ1956 ጀምሮ ከቦምቦቹ የተረፉትን ሰዎች አስተባብሮ ለቆየው ማኅበር ተሰጠ። በዚያው ዓመት በሕይወት ያሉት ተጎጂዎች አማካይ ዕድሜ ከ85 ዓመት አልፎ ነበር። የሚናገሩት እያለቁ ናቸው ማለት ነው። ከመሞት መሰንበት ይባላል፤ መሰንበትም ቢሆን ማለቂያ አለው።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በየቤታችን ዝም ያሉ ሽማግሌዎች አሉ። በፋብሪካ፣ በባቡር፣ በሽመና፣ በእርሻ፣ በጓዳ 50 እና 60 ዓመት የሠሩ፣ አንድም ቀን ስለ ራሳቸው ያልተናገሩ ናቸው። አቶ ያማጉቺን ያናገራቸው የልጃቸው ሞት ነው። የእኛዎቹን ለማናገር ሞት እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። ትምህርት ተዘግቶ ወደየአገራችን ስንመለስ፣ ከመጻሕፍቱ ጋር አንድ ባዶ ደብተር ብንይዝ ሸክሙ አይከብድም። እኔ በበኩሌ ድሬዳዋ እንደደረስሁ የምጠይቀውን የመጀመሪያ ጥያቄ ከወዲሁ ጽፌዋለሁ፤ ስለ እነዚያ ሁለት ጣቶች ነው።